የዝንጅብል መጠጤ ለምን ይመራል?

ጥያቄ፦ ለጉንፋን እንዲሆነኝ ዝንጅብልን ከነልጣጩ ከተቆረጠ ሎሚ ጋር ለግማሽ ሰዓት አፍልቼ ባስቀምጠው በማግስቱ ይመረኛል፤ ስህተቴን ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ምሬቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከሎሚው ልጣጭና ዘር ስለሆነ፣ 50 ግራም ያህል እርጥብ ዝንጅብል ቀጥቅጠው በ1 ሊትር ውኃ ለ15 ደቂቃ በዝግታ ካፈሉና ካጠለሉ በኋላ፣ የሎሚውን ጭማቂ ብቻ ከማር ጋር ለብ ሲል ይጨምሩበት። እናቴ ጦስኝ ጣል ታደርግበታለች፤ መዓዛው ግሩም ነው።

መልስ፦ ደረቅ ዝንጅብል ከሆነ መጠኑን ይቀንሱ፤ ሲደርቅ ጂንጀሮል የተባለው ንጥረ ነገር በከፊል ወደ ሾጋኦል ስለሚለወጥ ይበልጥ ያቃጥላል።

መልስ፦ እባካችሁ፣ ማር የገባበትን መጠጥ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አትስጡ፤ እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም አዘውትሮ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።