የሶላር ፋኖስ ቀፎ ክሊፕ እየተሰበረ ነው፤ ላወፍረው?

ተማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ዓመት ፕሮዳክት ዲዛይን ነኝ። የስቱዲዮ ፕሮጀክቴ በእጅ የሚንጠለጠል የሶላር ፋኖስ ነው። ቀፎው ያለ ብሎን በአራት ክሊፕ ይገጣጠማል። ክሊፑ 8 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ጥርሱ 1 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ፕላስቲክ በንብርብር እየደረበ በሚሠራ 3ዲ ማተሚያ፣ ፒኤልኤ በሚባል ፕላስቲክ ቆሞ ነው የታተመው። ሁለት ሦስቴ ሲከፈት ከሥሩ ቀንጠብ ይላል። ክዳኑም አልገባ ብሏል፤ ክዳኑንም የሚገባበትን የቀፎ አፍም 60 ሚሊ ሜትር ነው የሣልኳቸው። ለጁሪ (ሥራችን በገምጋሚዎች ፊት ለሚቀርብበት ቀን) ሁለት ሳምንት ቀርቷል፤ መምህሩ ደግሞ በሻጋታ የሚመረት እንዲሆን ይፈልጋሉ።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ እንዳታወፍረው! ይብስበታል። ክሊፑ ሲገባ የጥርሱን ያህል መታጠፉ አይቀርም፤ እኩል ሲታጠፉ ደግሞ ከቀጭኑ ይልቅ ወፍራሙ ሥሩ ላይ አብዝቶ ይለጠጣል። የመለጠጡ ሒሳብ እንዲህ ነው፦ 1.5 × ውፍረት × የጥርሱ ቁመት፣ ለርዝመቱ ካሬ ሲካፈል። ያንተ 1.5 × 2 × 1 ÷ 64፣ ማለትም 4.7 በመቶ ገደማ ነው። ፒኤልኤ ግትር ስለሆነ፣ ደጋግሞ ለሚከፈት ነገር ከ1 በመቶ ብዙ አትራቅ። ርዝመቱን 15፣ ውፍረቱን 1.5 ብታደርገው ልክ 1 በመቶ ይሆንልሃል። የሥሩን ጥግ ደግሞ የውፍረቱን ግማሽ በሚያህል ራዲየስ አክብበው፤ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነው።

መልስ 2፦
ሒሳቡ ልክ ነው፤ ቆሞ ከታተመ ግን እሱም አያድንህም። የተሰበረውን ወደ ብርሃን አስጠግተህ እየው። ስብራቱ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ለጥ ያለ ከሆነ፣ የተላቀቁት ንብርብሮቹ ናቸው። ክሊፑን ለብቻው አስተኝተህ አትመውና ቀፎው ላይ ማስገቢያ ሠርተህ ለጥፈው። ፒኢቲጂ የሚባለውን ፕላስቲክ ካገኘህ ከፒኤልኤ ይልቅ ይታጠፍልሃል።

ክዳኑማ 60 በ60 ሆኖ እንዴት ይገባል? በየጎኑ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ስጠው፤ የሚገባውን 59.5 አድርገው። የመጀመሪያው ንብርብርም ተጨፍልቆ ወደ ጎን ስለሚወጣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አድርገው። ሙሉውን ቀፎ አሥር ጊዜ አታትም፤ አንድ ጥግና አንድ ክሊፕ ቆርጠህ ሞክር።

ተማሪው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ስብራቱ እንደተባለው ለጥ ያለ ነው። የሻጋታውስ ነገር?

መልስ 3፦
ለማሳያው ክሊፑን ብትለጥፈውም በሥዕሉ ላይ ከቀፎው ጋር አንድ አካል ይሁን። ግድግዳውን ኤቢኤስ በሚባለው ፕላስቲክ 2 ሚሊ ሜትር ወጥ አድርገህ ያዝ፤ ወፍራም ቦታ ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ ላዩ ይሰረጉዳል። የውስጥ ማጠናከሪያዎቹም በዚሁ ምክንያት ከግድግዳው ግማሽ ብዙም አይብለጡ። ከሻጋታው እንዲወጣ ቀጥ ያሉትን ጎኖች ከ1 እስከ 2 ዲግሪ አዘንብላቸው፤ ሸካራ ገጽ ከሆነ ከዚያም ይጨምራል።

አስቸጋሪው ጥርሱ ነው። ሻጋታው ሲከፈት ይይዘዋል፤ በጎን የሚንሸራተት ክፍል ካስገባህበት ደግሞ ሻጋታው ይወደዳል። ከጥርሱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ወይም ወለል ላይ ጥርሱን የሚያህል ቀዳዳ ክፈት፤ የሻጋታው ብረት በዚያ ገብቶ የጥርሱን ሆድ ይቀርጸዋል፣ ቀጥ ብሎም ይወጣል። ይህንን የሻጋታው ሁለት ግማሾች ከሚለያዩበት መስመር ጋር በሴክሽን (ተቆርጦ ውስጡን በሚያሳይ) ሥዕል አሳያቸው። የተሰበሩትንም ክሊፖች አትጣል፤ ርዝመትና ውፍረታቸውን ጽፈህ ከማሳያው ጎን ደርድራቸው።