መጽሐፉ ከሚለው ዝቅተኛ መጠን በታች ባሩድ ቀንሶ የሞላ አለ?

አውሮራው (ኮሎራዶ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥይት ሪሎድ ማድረግ (የተተኮሰ ቀለህ ራሴ መልሼ መሙላት) ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምሞላው .38 ስፔሻል ብቻ ነው፣ ለአንዲት አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር። ለአደንም ለጥበቃም አይደለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረቀት ለመብሳት ነው።

ችግሬ እጄ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ትራክ ነድቼ የቀኝ እጄ አንጓ አልቋል። ሃምሳ ጥይት ተኩሼ የገባሁ ቀን ማታ ሲኒ ስይዝ ይንቀጠቀጥብኛል። ባለቤቴ አይታ "ይሄ ነገርህ ይቅርብህ" ማለት ጀምራለች።

የጥይት መሙያ መመሪያ መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ባሩድ መነሻና መጨረሻ መጠን ይሰጣል። እኔ መነሻው ላይ ነኝ፣ እሱም ርግጫው ይከብደኛል። ስለዚህ ከመነሻው ግማሽ ግሬን (ባሩድና እርሳስ የሚመዘንበት በጣም ትንሽ ክብደት) ቀንሼ 60 ጥይት ሞልቻለሁ፣ ገና አልተኮስኳቸውም። እርሳሱ (ከጥይቱ የሚወጣው አረር) 158 ግሬን መዳብ የለበሰ ነው፣ በቅናሽ አግኝቼው። ባሩድ ሲበዛ ሽጉጥ እንደሚፈነዳ አውቃለሁ። ሲያንስ ግን ምን ይመጣል? ቢበዛ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ መሬት ይወድቃል እንጂ። መጽሐፉን የሚያወጡትም ባሩድ ሻጮቹ ራሳቸው ስለሆኑ ቶሎ ቶሎ እንድንጨርስ ይሆን እንዴ የሚል ጥርጣሬም አለኝ፣ አትሳቁብኝ። ባሩዱም ተወዷል።

ጋሽ ቀለህ (ዳላስ)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እነዚያን 60 ጥይቶች ለብቻ አድርግና ላያቸው ላይ "አይተኮስ" ብለህ ጻፍ። ከዚያ እናወራለን።

"መሬት ይወድቃል" ያልከው አፈሙዙን ካለፈ ነው። የሚያስፈራው ሳይወጣ ሲቀር ነው። መዳብ የለበሰ እርሳስ ጠንካራ ነው፣ የበርሜሉን ጠመዝማዛ እየፋቀ ለማለፍ በቂ ግፊት ይፈልጋል። ሪቮልቨር ደግሞ ጥይት በሚጎርሰው ተሽከርካሪ ከበሮውና በበርሜሉ መካከል ክፍተት አለው፣ ከግፊቱ ከፊሉ በዚያ ይሾልካል። ስለዚህ ያቺው የቀነስካት ባሩድ ከምታስበው በላይ ቀንሳለች። እርሳሱ መሀል መንገድ ላይ ቆመ እንበል። አንተ "ከሸፈ" ብለህ ምላጩን ደገምክ። ሁለተኛው መጥቶ ከኋላው ይላተማል። በርሜሉ ካበጠ ዕድለኛ ነህ፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ ስለ እጅህ አንጓ ማሰብ ታቆማለህ።

ሌላው ነገር የ.38 ስፔሻል ቀለህ ሰፊ ነው። ጥይቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው፣ መጠኑ የተቀደደው በጥቁር ባሩድ ዘመን ልማድ ነው፣ ጥቁር ባሩድ ደግሞ ቦታ ይወዳል። ዛሬ የምንጠቀመው ጭስ አልባው ባሩድ ከታች ትንሽ ይሸፍንና የቀረው ባዶ ነው። ሽጉጡን ወደ መሬት አዘቅዝቀህ ቀስ ብለህ ካነሳህ ባሩዱ ወደ እርሳሱ ይሸሻል፣ ሽቅብ ይዘህ ካወረድከው ወደ ፕራይመሩ (ከቀለሁ ቂጥ ላይ ባሩዱን የምታቀጣጥለው) ይጠጋል። ያው አንድ ዓይነት ጥይት ክሮኖግራፍ (የጥይት ፍጥነት መለኪያ) ላይ በሰከንድ 100 ጫማ ሊለያይ ይችላል። መነሻው ላይ ስትሆን ልዩነቱን ወረቀቱ ላይ ብቻ ታየዋለህ። ከመነሻው በታች ስትሆን ግን ሰነፉ ጥይት እዚያው በርሜል ውስጥ ያድራል።

ባሩድ ሻጮቹን በተመለከተ፣ ባሩድ ሻጩ ሆጅደን፣ ኤች 110 የሚባለውን ባሩዱን ከተጻፈው ከ3 በመቶ በላይ አትቀንሱ ብሎ ራሱ ያስጠነቅቃል። ይኼ ለማግነም (ለኃይለኛ ጥይት) የሚሆን ዘገምተኛ ባሩድ ነው፣ አንተ ጋ ያለው እሱ አይመስለኝም። ግን ሊሸጥህ የፈለገ ሰው "አትቀንስ" ከማለት "ጨምር" ቢል አይሻለውም ነበር? ከታች ያለው ቁጥር እንደ ላይኛው አጥር ነው።

የቬጋሱ ልጅ

ጋሽ ቀለህ ያሉት በእኔ ላይ ደርሷል። የእኔው ጥፋት ባሩድ ማሳነስ ሳይሆን ጭራሽ አለማድረግ ነበር፣ ግን መጨረሻው ያው ነው።

ማታ ጋራዥ ውስጥ የጥይት መሙያ ፕሬሱን እያሽከረከርኩ ስልክ ጮኸ። ከአገር ቤት እናቴ ናት። እዚያ ነግቷል፣ እዚህ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። የእናት ስልክ ደግሞ "እሺ እማዬ በኋላ ልደውል" ብለህ አትዘጋውም፣ የሰርጉም የለቅሶውም ወሬ አለ። አርባ ደቂቃ አወራንና ተመልሼ እጀታውን ካቆምኩበት የቀጠልኩ መሰለኝ። አንዱ ቀለህ ባሩድ ሳይገባበት አልፏል።

ቅዳሜ ሬንጅ ላይ አራተኛው ጥይት "ጧ" ማለቱ ቀርቶ "ጭፍ" አለ። ርግጫ የለም። በከበሮው ጎን ትንሽ ጭስ ወጣ። ሁለተኛ ለመሳብ ጣቴ ላይ ነበረች፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እየተኮስክ ስለሆነ እጅህ በራሱ ነው የሚሄደው። ያዳነኝ ከበሮው አልዞር ማለቱ ነው። እርሳሱ ግማሹ ከበሮው ውስጥ ግማሹ በርሜሉ ውስጥ ሆኖ ቆልፎታል። የፕራይመሯ ብቻዋን ጉልበት እስከዚያ ገፍታዋለች። ትንሽ ባሩድ ቢኖርበት ኖሮ ጠልቆ ይገባና ከበሮው በነፃነት ይዞር ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ከባዶው ይልቅ ትንሽ ያለበት ነው የከፋው።

በርሜል ውስጥ ለቀረ እርሳስ መፍትሔው፦ መጀመሪያ ጥይቶቹን ሁሉ አውጣ፣ ዘይት አርከፍክፍ፣ ከአፈሙዙ በኩል የናስ ዘንግ አስገብተህ በመዶሻ ቀስ እያልክ መታ መታ ማድረግ ነው። የእንጨት ዘንግ አትጠቀም፣ ተሰንጥቆ ራሱ ይቀረቀራል። ከበሮው ከነጥይቱ ከቆለፈ ግን አትታገል፣ ለጠመንጃ ሠሪ ስጠው። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ሰውየው ምንም አላለኝም፣ መደርደሪያው ላይ ያለ እንቁራሪት እንደዋጠ እባብ መሀሉ ያበጠ በርሜል ብቻ አሳየኝ።

ባለእርሳሱ

ኧረ ሰዎች፣ ልጁን በፍርሃት ልትገድሉት ነው። እኔ ከመጽሐፉ በታች ሞልቼ ስተኩስ ስንት ዓመቴ ነው። አንድም ቀን አልከሸፈብኝም። ወረቀት የሚበሳ ጥይት እኮ ነው፣ ታንክ አይደለም። አያቶቻችን ያገኙትን ባሩድ በግምት ሞልተው ይተኩሱ አልነበር? ሚዛን መች ነበራቸው?

ጋሽ ቀለህ (ዳላስ)

ባለእርሳሱ፣ ስምህ ራሱ መልሱን ይዞታል። አንተ የምትተኩሰው ልሙጥ እርሳስ ነው አይደል? እሱ ለስላሳ ነው፣ ቅባትም አለው፣ በትንሽ ግፊት ይንሸራተታል። የአውሮራው ግን መዳብ የለበሰ ነው። መጽሐፉ ላይ ለሁለቱ የተለያየ መነሻ የሚሰጡት ለዚህ ነው፣ የመዳቡ መነሻ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው። አንተ ደህና ወጣህ ማለት እሱ ደህና ይወጣል ማለት አይደለም።

አያቶቻችን ያልከውን በተመለከተ፣ ያኔ ጥይት በገበያ እንደ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይሄድ ነበር። የተተኮሰ ቀለህ የሚጥል ሰው አልነበረም። ግን በግምት ሞልቶ ጣቱ የቀረ ሰው ታሪኩን ለልጅ ልጅ አይነግርም፣ የምንሰማው የደህናዎቹን ነው።

ደግሞ አውሮራው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምትተኩሳቸው ቀለሆች ጎናቸው ላይ ጥላሸት አላቸው?

አውሮራው (ኮሎራዶ)

አላቸው። መነሻው ላይ ሆኜም ቢሆን ቀለሁ ጎን ላይ እንደ ከሰል ጥቁር ነገር ይቀመጣል። ከበሮውን ስከፍትም ቢጫ ፍርፋሪ ይረግፋል፣ ያልነደደ ባሩድ መሰለኝ። ባለፈው ከማስወጫው ኮከብ ሥር ገብቶ ከበሮው አልዘጋ ብሎኝ በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ ነው የዘጋሁት።

ጋሽ ቀለህ (ዳላስ)

በቃ ሽጉጥህ እየነገረህ ነው። ቀለህ ሲተኮስ አብጦ የክፍሉን ግድግዳ መዝጋት አለበት። ግፊቱ ካነሰ አያብጥም፣ ጋዙ በጎን ወደ ኋላ ይመጣና ያጠለሸዋል። መነሻው ላይ እንዲህ ከሆነ ከሱ በታች ምን እንደሚሆን አንተው አስበው።

ዘጠኝ ሚሊ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ወንድሞች። እኔ የምተኩሰው 9 ሚሊሜትር ነው፣ በአውቶማቲክ ሽጉጥ፣ ዩኤስፒኤስኤ በሚባለው የአሜሪካ የተኩስ ማኅበር ውድድር ላይ። እኛ ጋ ባሩድ ሲያንስ መጀመሪያ የምታየው ሽጉጡ ሲነክስ ነው። ስላይዱ እስከ መጨረሻው አይመለስም፣ ቀለሁ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። ያ ማስጠንቀቂያ ሪቮልቨር ላይ የለም። በእጅህ ስለምታዞረው ዝም ብሎ ይዞራል፣ ለዚህ ነው እሱ የበለጠ የሚያስፈራው።

ግን አውሮራው ያልከው ነገር ይገባኛል፣ እኔም ትንሽ እጅ ነው ያለኝ። መላው ባሩድ መቀነስ አይደለም፣ እርሳሱን መቀየር ነው። ውድድር ላይ ማይነር የሚባለው ምድብ ዝቅተኛው የጉልበት ነጥብ 125 ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ የእርሳሱን ክብደት በፍጥነቱ ታባዛና ለ1000 ታካፍላለህ። 115 ግሬን እርሳስ በሰከንድ 1100 ጫማ ሲሄድ 126 ይመጣል። 147 ግሬን በ860 ሲሄድም ያው 126 ነው። በወረቀት ላይ እኩል ናቸው። እጅ ላይ ግን የመጀመሪያው በጥፊ ይመታል፣ ሁለተኛው በትከሻ ይገፋል። ከባዱ በትንሽ ባሩድ ነው የሚሄደው፣ እና ያቺ ትንሽ ባሩድ መጽሐፉ ውስጥ ተጽፋ ነው ያለችው፣ ከመጽሐፉ ወጥተህ አይደለም።

ላንተ የሚሆነው 148 ግሬን ዋድካተር ነው። ጠፍጣፋ እርሳስ፣ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ፊቱ የተቆረጠ። ለወረቀት ተብሎ የተሠራ ነው፣ ክብ ቀዳዳ ይቆርጣል፣ መነሻ መጠኑም ዝቅ ያለ ነው። የፋብሪካውን አንድ ፓኮ ገዝተህ ሞክረው መጀመሪያ። ሽጉጥህ ቀላል ከሆነም እጀታውን በወፍራም የጎማ እጀታ ቀይረው፣ ግማሹ ሕመም ከእጀታው ነው።

ገንዘቡንም ላስላልህ። አንድ ፓውንድ 7000 ግሬን ነው። ለምሳሌ ያህል 4 ግሬን ብትጠቀም 1750 ጥይት ይወጣዋል። ወደ 3.5 ብታወርደው 2000። ፓውንዱን በ40 ዶላር ገዛህ እንበል፣ ሺህ ጥይት ተኩሰህ የምታተርፈው 3 ዶላር አይሞላም። ማኪያቶ አይገዛም እኮ! ወጪህ ያለው ፕራይመሩና እርሳሱ ላይ ነው።

የቬጋሱ ልጅ

ዘጠኝ ሚሊ ጨርሳዋለች። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባሩድ ባነሰ ቁጥር ሁለት ጊዜ መጨመሩ አይታወቅም፣ ሁለቱም ተደምሮ ቀለሁን አይሞላም። በትንሽ ባሩድ ሽጉጥ ፈነዳ ሲባል የምንሰማው አብዛኛው ታሪክ መነሻው ይኼ ይመስለኛል፣ ሰውየው አንድ ያደረገ መስሎት ሁለት አድርጓል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳስ ከማስቀመጤ በፊት 50ውን ቀለህ ሰሌዳ ላይ ደርድሬ በባትሪ ውስጣቸውን አያለሁ። ሁሉም እኩል ከፍታ ላይ ካልሆኑ ሁሉንም እገለብጣለሁ። ስልኬም ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው። እማዬ ተቀይማለች።

አውሮራው (ኮሎራዶ)

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ትናንት ማታ 60ውንም በመንቀያ መዶሻ አፈረስኳቸው። ኮንክሪቱ ላይ ስደበድብ ባለቤቴ ወጥታ "በዚህ ሌሊት ምን እየወቀጥክ ነው?" አለችኝ። በአንጓዬ 60 ማፍረስ ከ60 መተኮስ ይከፋል፣ ይቅር አልኩ ግማሽ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ተመለስኩ።

እያንዳንዱን ባሩድ ሚዛን ላይ አድርጌ አየሁት። አብዛኞቹ ካሰብኩት በ0.1 ከፍ ዝቅ ይላሉ። አንዱ ግን ካሰብኩት ግማሽ አይሞላም። መስፈሪያው ውስጥ ባሩዱ ተንጠልጥሎ ነው መሰለኝ። እንዴት እንደዚያ ሆኖ እንዳለፈ አላውቅም። ያ ጥይት ከሌሎቹ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ነበር፣ ሲያዩት ምንም ልዩነት የለውም።

ዋድካተሩን አዝዣለሁ። ሁለት ዓይነት አለ፣ ቂጡ ደፍን የሆነና ቂጡ እንደ ሲኒ ጎድጓዳ የሆነ። የቱን ልውሰድ?

ጋሽ ቀለህ (ዳላስ)

ያቺን አንዷን ስላገኘሃት ደስ ብሎኛል። ደፍኑን ውሰድ። ጎድጓዳው ጥሩ ነው ግን ከንፈሩ ስስ ነው፣ ሰው ባሩድ ካበዛበት ጭንቅላቱ ይሄድና ከንፈሩ በርሜል ውስጥ ይቀራል፣ ለጀማሪ አይሆንም። ሁለቱም በመጽሐፉ ላይ የየራሳቸው ገጽ አላቸው፣ አታቀላቅል። ጥልቀቱንም መጽሐፉ ካለው በላይ አታስገባ፣ ቦታው ጠብቦ ግፊቱ ይጨምራል።

መጀመሪያ የምትተኩሳቸውን አምስቱን አንድ በአንድ አጉርሳቸው። ከእያንዳንዱ በኋላ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ ቁጠር። አዲስ ቀዳዳ ካላየህ ሽጉጡን አውርደህ ባዶ አድርግና በርሜሉን በዘንግ ፈትሽ።