ልጄ ጥቅምት 30 ትምህርት ቤት ይግባ ወይስ ከእናቴ ጋር ቤት ይቆይ?

የዓባይ ማዶዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ጥቅምት 14/2013)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ባሕር ዳር ከእናቴ ጋር ይኖራል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፤ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ነው። ያለፈው ዓመት ያለ ፈተና ነው ያለፉት። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ ደብተር የገለጠበትን ቀን አላስታውስም ትላለች እናቴ። አሁን የገጠሮቹ ጥቅምት 9 ጀምረዋል። የዞንና የወረዳ ከተሞች ጥቅምት 16፣ አዲስ አበባና የክልል ከተሞች ደግሞ ጥቅምት 30 ይከፈታሉ ተብሏል።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። ቤቱ አንድ መኝታና ሳሎን ነው። ልጁ እሷ አጠገብ ነው የሚተኛው። ድሮ ክፍላቸው ውስጥ ከ60 በላይ ነበሩ፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት አራት ሆነው። ወንድሜ ደግሞ "የግል ትምህርት ቤት እናስገባው፤ ገንዘብ ላኪ" እያለ በየቀኑ ይደውላል። እኔ እዚህ አሜሪካ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ይህ በሽታ ሽማግሌ ላይ ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ጋሼ ከፍራንክፈርት

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። እዚህ ጀርመን መጋቢት ላይ ተዘግቶ፣ ከበጋው ዕረፍት በኋላ ልጆቹ ወደ ክፍል ተመልሰዋል። አሁን ትልቁ ነገር መስኮት ሆኗል። በየ20 ደቂቃው መስኮቱ ወለል ተደርጎ ይከፈታል፤ ለሦስት፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል። ብርዱ ስለገባ ልጆቹ ጃኬት ለብሰው ነው የሚማሩት። በሽታው በትንፋሽ ስለሚተላለፍ፣ የታፈነ ክፍል ነው አደገኛው። ባሕር ዳር እኮ በዚህ በኩል ታድላለች! መስኮቱም በሩም ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ቢውል ማንም አይበርደው። ስለዚህ ስለ ሳኒታይዘሩ ከመጠየቅሽ በፊት ስለ መስኮቱ ጠይቂ።

የሁለት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ

እኔ የምለው ሌላ ነው። እኛ እዚህ አሜሪካ ቤት ሆነው እንዲማሩ ላፕቶፕ ተሰጥቶን፣ ኢንተርኔት እያለን፣ ልጄ ከላፕቶፑ ጋር ቁጭ ብሎ ቀኑ ያልቃል። ካሜራውን አጥፍቶ ሲተኛ ያገኘሁት ብዙ ጊዜ ነው። ሥራ ደግሞ አልቀርም። ይህ ሁሉ ባለበት ሰባተኛ ወር ላይ ልጁ ከሰው ጋር ማውራት እያስጠላው ነው። ያንቺ ልጅ ላፕቶፕም የለው። ለሱ "ቤት ሆኖ ይማር" ማለት አይማር ማለት ነው።

ቶሮንቶ ያለሁት

ባሕር ዳር የሚል ሳነብ ሆዴ ባባ። መጋቢት 22 ከተማው ለ14 ቀን ሲዘጋ እናቴ ደውላ "ልጄ፣ የባጃጅ ድምፅ ጠፋ፤ የወፉ ጫጫታ ብቻ ቀረ" አለችኝ። እኔ ከዘንባባው ሥር የማውቃት ከተማ ጸጥ ብላ አትታሰበኝም። አራት ዓመት አላየኋትም። ዘንድሮ ለጥምቀት ልገባ ቲኬት ላይ ነበርኩ፤ እሱም ቀረ። ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ወጣሁ።

መምህሩ፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ እኔ እዚሁ አስተምራለሁ፤ የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ይቅር። እውነቱን ልንገርሽ። ክፍሎቹን ስንከፍት የክረምቱ ሣር መስኮት ደርሶ ነበር። አጨድን፣ አጠብን። ዴስኮቹን አራራቅን፤ አንድ ዴስክ ላይ አንድ ልጅ፣ የሚቀመጥበትን በኖራ ምልክት አደረግን። መመሪያው በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ልጅ ይላል። ስለዚህ በፈረቃ ይሆናል፤ ክፍልም መምህርም የሚበቃው እንደዚያ ነው። የሚያሳስበኝ ውኃው ነው። ጣና አጠገባችን እያለ ቧንቧችን በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። በርሜል ገዝተን ቧንቧ ገጠምንለት። በርሜሉን በየቀኑ ማን ይሙላው የሚለው ገና አልተቆረጠም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። "ቤት ይቆይ" ስትዪ፣ ልጁ አሁን ቤት ነው ያለው? እኔ በየቀኑ ጣና ዳር የማገኛቸው ተማሪዎቼ አሉ። ቆሎ የሚሸጥ አለ፤ ጫማ የሚጠርግ አለ። የቀሩት ጠዋት ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት፤ ያለ ማስክ፣ ተቃቅፈው። አያቶቻቸውም ቤተ ክርስቲያንና ዕድር አልቀሩም። ትምህርት ቤት ቢያንስ ማስክ አድርግ የሚለው ሰው ያገኛል። እኔ የምሰጋው ለሚመጡት አይደለም፤ ለማይመለሱት ነው። አምና ስምንተኛ ክፍል የነበረች አንዲት ጎበዝ ልጅ ስሟን ለማስመዝገብ አልመጣችም። ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ገጠር ወስደዋታል አሉኝ። ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ወረቀት የጨረሰው፣ ሲያትል

እህቴ፣ ጥገኝነት አግኝተሽ ከሆነ ለልጁ አይ-730 የሚባለውን ቤተሰብ የማምጫ ቅጽ አስገብተሻል? ከተፈቀደልሽ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያለሽ። ክፍያ የለውም። ኤምባሲዎቹ መጋቢት ላይ መደበኛውን የቪዛ ሥራ ስላቆሙ ሁሉም ነገር ተጓትቷል፤ የኔም ዘግይቶብኛል። ለማንኛውም የትምህርት ማስረጃውንና የክትባት ካርዱን አስይዢ፤ እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ካልተማረ ማስረጃው ላይ ክፍተት ይገኛል።

ጋሼ ከፍራንክፈርት

ስለ ወንድምሽ ጥያቄ ማንም አላነሳም። የግል ትምህርት ቤትም ቢሆን ያው አየር ነው። ከላክሽ ግን በሰው እጅ አትላኪ። ብሩ ገና መስከረም ላይ ነው የተቀየረው፤ እናትሽን አሮጌውን ብር ቢያስታቅፏትስ? በባንክ ላኪ።

ቶሮንቶ ያለሁት

ጋሼ፣ ባንክ ዶላሩን በ37 ብር ነው የሚወስደው። ጥቁር ገበያ ላይ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ልዩነቱ ብቻ ለአስጠኚ ይበቃታል። መጦሪያ ቤት ቆማ የምታድር ሴት ነች፤ አትፍረዱባት።

ጋሼ ከፍራንክፈርት

አልፈረድኩም። ግን ያ ዶላር በባንክ ካልገባ መድኃኒት በምን ይገዛል? እናቷ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ኢንሱሊኑ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከእናቷ አፍ ነው የምትነጥቀው።

ቶሮንቶ ያለሁት

ይሄ ከባድ ቃል ነው፣ ጋሼ። እኔ ለ11 ሰው ነው የምልከው። አገር መውደድ በባንክ ደረሰኝ አይለካም።

የዓባይ ማዶዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እባካችሁ በእኔ ምክንያት አትጣሉ። ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። የመምህሩን ቃል ሳነብ አለቀስኩ። ትናንት ደወልኩና "ልጁ የት ነው?" አልኳት እናቴን። "ውጭ ነው" አለች። "ከስንት ሰዓት ጀምሮ?" ስላት ዝም አለች። ከዚያ "እኔ ሳሎን እተኛለሁ፤ አልጋውን ለሱ እለቃለሁ፤ አንቺ ብቻ ከትምህርቱ አታስቀሪብኝ" አለችኝ። መምህር፣ የአምስተኛ ክፍል ፈረቃ ጠዋት ነው ከሰዓት? ከሰዓት ከሆነ መሽቶ ስለሚመለስ ድልድዩን ማን ያሻግረዋል? ለወንድሜ ገና መልስ አልሰጠሁትም።

ቶሮንቶ ያለሁት

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ፤ እናትሽንም ያቆይልሽ። ጋሼ፣ ስለ ኢንሱሊኑ ግን አንድ ነገር ልመልስ።