«አስተናግር እንደ በላ ሰው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የሰሜኗ፦
ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ ስለ አንድ ዘመዳችን «አስተናግር እንደ በላ ሰው ምን ያስለፈልፈዋል?» አለች። ቀባጠረ ማለቷ ነው ወይስ ሚስጥር አወጣ? ደግሞስ አስተናግር በየግቢው የሚተከለው፣ ጥሩንባ የሚመስል ነጭ አበባው ቁልቁል የሚንጠለጠለው ነው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ስሙ ራሱ ይመልስልሻል፣ እህቴ። «አስተናግር» የግእዝ ትእዛዝ አንቀጽ ነው። አናግር፣ አውጣጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሚስጥር አወጣ ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦
አልስማማም። «አስተ» የእርስ በርስ ነው፤ አስተዋወቀ፣ አስተባበረ እንደምንለው። የበላው ሰው እኮ ከሌለ ሰው ጋር ነው የሚያወራው። ከማይታይ ጋር ያነጋግራል ማለት ነው።

ፋርማሲስቷ፦
ሁለታችሁም ቆዩኝ። የሜዳው አስተናግር አበባው ሽቅብ ያያል፣ ፍሬው እሾሃም ነው። የግቢው ቁጥቋጦ ብሩግማንሲያ ይባላል፤ የቅርብ ዘመዱ ነው። መርዛቸው ግን አንድ ነው፦ አትሮፒንና ስኮፖላሚን። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሰውነት ይግላል፣ ከዚያ መቃዠት ነው። አገር ቤት ለጥርስ ሕመም የፍሬውን ጭስ ይታጠናሉ፣ ለቆረቆር ቅጠሉን ይቀባሉ። የመርዙ መጠን ከተክል ተክል ስለሚለያይ «ትንሽ ቢወስዱት አይጎዳም» የሚባል ነገር የለም። ሐኪም ቤት ግን ያው አትሮፒን ተለክቶ የፀረ ተባይ መርዝ ለጠጣ ሰው ይሰጣል። ልጆች ካሉሽ አበባውን እንዳይነኩ፣ በተለይ ዘሩን።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ተባረኪ። ሌላው ስሙ «አጤ ፋሪስ» ነው። ፋሪስ የሚባል ንጉሥ ግን የለንም። «ዕፀ ፋርስ» ነው፣ ከፋርስ አገር የመጣ።

ሰዋስው ወዳድ፦
መምህር፣ ተክሉ የአሜሪካ ነው፤ መነሻው ሜክሲኮ አካባቢ። ፋርስን ምን አመጣት? እኔ «ፋሪስ» የዐረብኛው ፈረሰኛ ነው እላለሁ። የበላው ሰው ጋልቦ ይሄዳል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
በቆሎም የአሜሪካ ነው፤ አባቶች ግን «የባሕር ማሽላ» ብለውታል። ሕዝብ ስም የሚሰጠው በመጣበት በር ነው እንጂ በበቀለበት አገር አይደለም። ፈረሰኛው ግን ከየትም አይገባም።

የሰሜኗ፦
እሺ፣ የአክስቴስ ነገር?

ሰዋስው ወዳድ፦
እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ «ዕፀ» በፀሐዩ ፀ መሆኑን እንስማማ፤ እዚህ መድረክ ላይ በጸሎቱ ጸ የሚጽፍ አይቻለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
በዚህስ አንከራከርም። «ዕፀ በለስ»፣ «ዕፀ ሳቤቅ»፣ ሁሉም በፀሐዩ ፀ ነው። ወደ «አስተ» እንመለስ፤ እርስ በርስ ነው ያልከውን አልቀበልም።