ናይሮቢ ሆኜ የያዝኩትን የጅማ መዝገብ በተመለከተ

ጅማ ላይ በጥብቅና የምሠራ ስሆን፣ ደንበኞቼ በአብዛኛው ከጎማና ከሊሙ አካባቢዎች ቡና እየሰበሰቡ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ናቸው። ባለቤቴ ናይሮቢ ትምህርት ስለጀመረች አብሬያት እየኖርኩ ውል ማርቀቁንና ምክር መስጠቱን በኢሜይልና በቴሌግራም ቀጥያለሁ፤ የሁለቱ አገሮች ሰዓት አንድ በመሆኑ በዚህ በኩል ሥራው አልተጓደለም።

ያስቸገረኝ ችሎቱ ነው። ደንበኛዬ የሰጠኝ ውክልና ሌላ ጠበቃ እንድወክል በግልጽ ስለሚፈቅድ፣ ለባልደረባዬ የውክልና ሰነድ ፈርሜ በስካን ላክሁ፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግን ወረቀቱን ገልብጦ ማኅተም ቢያጣበት መለሰው። በእርግጥ ውጭ አገር የተፈረመ ውክልና በኤምባሲያችን ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ነገር ግን ዋናው ሰነድ ይህን ሁሉ ጨርሶ ጅማ እስኪደርስ ቀጠሮው ያልፋል። ጉዳዩ ያልተከፈለ የቡና ሽያጭ ዋጋ ስለሆነ፣ አንድ ቀጠሮ ማለፉ ለደንበኛዬ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ጅማ በጥብቅና የምትሠሩ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ደንበኛዬ ራሱ ጅማ በሚገኘው የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ለባልደረባዬ በቀጥታ ውክልና ቢሰጥ፣ የእኔ ውክልና እንደተሻረ ሳይቆጠር ሁለታችንም በአንድ መዝገብ እንድንቀጥል ችሎቶቹ በተግባር ይቀበላሉ ወይ?