በአንድ ልጅ ላይ የሠራሁት ጥናት ግራ አጋብቶኛል፣ እርዱኝ

ሰላም፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ኦቲዝም ያለበት የ7 ዓመት ልጅ የሚፈልገውን በሥዕል ካርድ እንዲጠይቅ እያስተማርኩ፣ በቀን ስንት ጊዜ በራሱ እንደጠየቀ እቆጥራለሁ። ዲዛይኔ ኤ-ቢ-ኤ-ቢ ነበር፤ መነሻ ልኬት (ከሥልጠናው በፊት ያለው ቁጥር)፣ ሥልጠና፣ ማቆም፣ እንደገና መጀመር። ሲቆም ቁጥሩ ወርዶ ሲጀመር ከወጣ ለውጡ የሥልጠናው ነው ለማለት ነው። ችግሩ ሥልጠናውን ሳቆም ልጁ አልረሳም፣ ቁጥሩም አልወረደም። ለእሱ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን ለውጡን ያመጣው ሥልጠናው ነው ወይስ በዕድሜው እየበሰለ ስለሄደ ነው ብባል መልስ የለኝም፣ በዚያ ላይ መነሻ ልኬቴ 4 ቀን ብቻ ነው፣ እሱም መጨረሻው ላይ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር።

አማካሪዬ "ከአንድ ልጅ ተነስተሽ ስለ ሌሎች ማውራት አትችዪም" አሉኝ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን እሱ አይደለም፤ ሌሎች ላይ መሥራቱ በድግግሞሽ ይታያል፣ መጀመሪያ እዚሁ ልጅ ላይ ማረጋገጥ አለብኝ።

አሁን ያሰብኩት 3 አዲስ ልጆች ይዤ፣ የሁሉንም መነሻ በአንድ ቀን መለካት ጀምሬ፣ ሥልጠናውን ግን በየተራ ማስጀመር ነው (መልቲፕል ቤዝላይን)። የመጀመሪያው ልጅ ዳታስ ይጣላል? ወይስ ለብቻው ላቅርበው? እስካሁን የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ በቪዲዮ የቀረጽኩትን ሌላ ሰው ቢቆጥርልኝ ይቀበሉኛል? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።