ለአሮጌ ሴስና 172 ኤልፒቪ የሚቀበል ጂፒኤስ፦ በአነስተኛ ወጪ የቱ ይሻላል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ አራት ጓደኛሞች ሆነን በጋራ የምናበራት ሴስና 172 የተባለች ትንሽ አውሮፕላን አለችን። ፓነሏ ላይ ያለው ኬኤልኤን 94 ጂፒኤስ በደመና ውስጥ ለሚደረግ በረራ የተፈቀደ ቢሆንም፣ ዋስ የተባለውን የሳተላይት ምልክት ማረሚያ አይቀበልም። ማረፊያችን አይኤልኤስ (ከምድር በሬዲዮ ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራ ሥርዓት) ስለሌለው፣ ሌሎች አብራሪዎች በኤልፒቪ (በዋስ እርማት ጎንንም ከፍታንም በሚመራ የጂፒኤስ አቀራረብ) ከመሬት እስከ 250 ጫማ ድረስ እየወረዱ ማኮብኮቢያውን ሲያገኙ፣ እኛ በኤልናቭ (ጎንን ብቻ በሚመራ የጂፒኤስ አቀራረብ) ከ500 ጫማ በታች መውረድ ስለማይፈቀድልን ወደ ሌላ ከተማ እንዞራለን። ኬኤክስ 155 ሬዲዮአችን ደህና ይሠራል። ፓነሉን በሙሉ ለመቀየር አቅማችን አይፈቅድም፤ ያገለገለ ጂኤንኤስ 430ደብልዩ እንግዛ ወይስ አዲሱን ጂፒኤስ 175?

መልስ 1፣ የበረራ አስተማሪ፦
ሬዲዮአችሁ ደህና ከሆነ ጂፒኤስ 175 ይበቃችኋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 5,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ቁመቱም 2 ኢንች ስለሆነ አሮጌው ጂፒኤስ በነበረበት ቦታ ይገባል። በውስጡ የመገናኛ ሬዲዮም ሆነ የአይኤልኤስ መቀበያ ስለሌለው ግን ኬኤክስ 155ን አትንቀሉት። ኤዲኤስ-ቢ (የአውሮፕላኑን ቦታ በየጊዜው የሚያሰራጭ መሣሪያ) ገና ካላስገጠማችሁ፣ ትራንስፖንደርን (ለራዳር ምልክት የሚመልሰውን መሣሪያ) አብሮ የያዘውን ጂኤንኤክስ 375 ማየት ይሻላል፤ ሁለት ሥራ በአንድ ጉልበት ያልቃልና።

የዋስ ስም በእኛ ቋንቋ ያለው ትርጉም ሁልጊዜ ያስደስተኛል፤ ሥራውም የዋስ ሥራ ነው። የምድር ጣቢያዎች የጂፒኤስ ምልክቶችን ይከታተላሉ፣ እርማቱም ከምድር ጋር እኩል በሚዞሩ ሳተላይቶች በኩል ይተላለፋል፤ ምልክቱ የማይታመን ከሆነ ደግሞ አብራሪው በሰከንዶች ውስጥ ይነገረዋል። እስከ 200 ጫማ መውረድ የሚፈቀደው በዚህ ዋስትና ነው።

አንድ ስህተት ተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ አያለሁ። ስክሪኑ ላይ «ኤልናቭ+ቪ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ የከፍታ ጠቋሚው ይንቀሳቀሳል፤ ይሁን እንጂ ምሪቱ ለምክር ያህል ብቻ ስለሆነ የሚከበረው የኤልናቭ ዝቅተኛ ከፍታ ነው። በተጨማሪም ተለዋጭ ማረፊያ ስታቅዱ፣ መሣሪያችሁ ኤልፒቪ ቢኖረውም እንኳ ስሌቱ በኤልናቭ ዝቅተኛ ከፍታ ነው የሚሠራው።

መልስ 2፣ የአቪዮኒክስ ቴክኒሻን፦
ሰው ሣጥኑን ገዝቶ የጨረሰ ይመስለዋል፤ ገንዘቡን የሚበላው ግን ገጠማው ነው። የድሮው አንቴና ለዋስ ስለማይሆን አዲስ አንቴናና አዲስ ገመድ ያስፈልጋል። ከዚያም በላይ፣ ኤልፒቪ ለመብረር የጎንም የከፍታም ጠቋሚ ያለው የአቅጣጫ መሣሪያ መኖር አለበት። የእናንተው ባለ አንድ ጠቋሚ ከሆነ ወይም የጂፒኤስ መረጃ የማይቀበል ከሆነ ወጪው በብዙ ሺህ ዶላር ይጨምራል፤ ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የሞዴል ቁጥሩን አንብባችሁ ላኩልን። ጂ5 የተባለውን የጋርሚን ኤሌክትሮኒክ ጠቋሚ ለዚሁ ሥራ የምታስቡም ከሆነ፣ ከጂፒኤሱ ጋር የሚያገናኘውን አስማሚ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ማካተታቸውን አረጋግጡ።

መልስ 3፣ የ430ደብልዩ ባለቤት፦
በአስተማሪው ሐሳብ የምስማማው በከፊል ብቻ ነው። ሬዲዮው ደካማ ለሆነ ሰው 430ደብልዩ ጂፒኤስን፣ አይኤልኤስንና መገናኛን በአንድ ላይ ይሰጣል። ሆኖም ምርቱ ከቆመ ከ10 ዓመት በላይ ስለሆነው፣ ስክሪኑ ቢበላሽ መጠገኛ ማግኘት እየከበደ መሆኑን አልክድም። ዋጋው ሲረክስ አይታችሁ «ደብልዩ» (የዋስ ምልክት) የሌለውን እንዳትገዙ፤ እሱ ከአሁኑ መሣሪያችሁ በኤልፒቪ ረገድ አይሻልም።

ለጥናት ያህል ልጨምር፦ አንድ ወዳጄ ይህንኑ መሣሪያ ይዞ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ መብረር ጠይቆኝ ነበር። ዋስ ሰሜን አሜሪካን፣ አቻው ኤግኖስ ደግሞ አውሮፓን እንጂ ኢትዮጵያን አያገለግሉም፤ ስለዚህ ጂፒኤሱ ይሠራል፣ ኤልፒቪ ግን አይኖርም።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ሃንጋር ሄጄ አየሁት፤ መሣሪያችን ባለ አንድ ጠቋሚ ነው። ኤዲኤስ-ቢ አስቀድመን ስላስገጠምን፣ ለጂፒኤስ 175፣ ለአንቴናውና ባለ ሁለት ጠቋሚ ለሆነ መሣሪያ አንድ ላይ ዋጋ እንጠይቃለን።